ከኢንዲጎ እርሻ እስከ መተማ መንገድ፦ የህንድ ሕዝብ የነጻነት ጉዞ

(የመለያ ሙዚቃ፤ ድምፁ ቀስ በቀስ ይቀንሳል)

በጨለለቅቱና በኮቸሬ ቀበሌዎች፣ በይርጋ ጨፌ፣ በጌዴብ፣ በወናጎ፣ በዲላ ሆናችሁ ለምታዳምጡን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ህንድ ነው። እንግሊዞች ያን የሚያህል ሰፊ አገር እንዴት እንደያዙት፣ ሕዝቡስ ከቅኝ አገዛዝ እንዴት እንደወጣ እናያለን። ተማሪዎች ደብተራችሁን አዘጋጁ። ገበሬ አባቶቻችንና እናቶቻችንም ጆሯችሁን ስጡን፤ የታሪኩ ዋና ባለቤቶች ገበሬዎች ናቸውና።

አንድ ነገር ላስታውስ። የህንዱን ታሪክ ሳወራ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። ወደ አገራችን ስንመለስ በራሳችን አቆጣጠር እንሄዳለን።

ብዙ ሰው እንግሊዝ ህንድን በአንድ ጊዜ ወርራ የያዘቻት ይመስለዋል። አጀማመሩ ግን ንግድ ነበር። በ1600 የመጨረሻው ቀን ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ለአንድ የለንደን ነጋዴዎች ማኅበር ወደ ምሥራቅ ሄዶ የመነገድ ፈቃድ ሰጠች። ይህ ማኅበር የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ይባላል። ኩባንያው በህንድ የባሕር ዳርቻ መጋዘን እየሠራ፣ ከአገሩ ገዢዎች ፈቃድ እየለመነ፣ ቅመምና ጨርቅ ሲገዛ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። የቤንጋል ሸማኔዎች የሚሠሩት ስስ ጨርቅ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ኩባንያው ያን ጨርቅ ለመግዛት ከአውሮፓ ብር ጭኖ መምጣት ነበረበት።

ነገሩ የተገለበጠው በ1757 ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር በቤንጋል ፕላሲ በተባለ ስፍራ፣ በሮበርት ክላይቭ የሚመራው የኩባንያው ጦር የቤንጋሉን ገዢ ሲራጅ ኡድ ዳውላን ገጠመ። የሲራጅ ሠራዊት በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ከጦር አዛዦቹ አንዱ፣ ሚር ጃፋር፣ አስቀድሞ ከክላይቭ ጋር ተዋውሎ ስለነበር በውጊያው ቀን ሠራዊቱን ይዞ ዳር ቆመ። ሲራጅ ተሸንፎ ተገደለ፤ ሚር ጃፋርም በእንግሊዞች ፈቃድ ዙፋኑ ላይ ተቀመጠ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1765፣ ኩባንያው የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ መብት ከሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት እጅ ተቀበለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እስከዚያን ጊዜ ድረስ ኩባንያው የህንድን ጨርቅ የሚገዛው ከአገሩ ባመጣው ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከህንድ ገበሬ በሰበሰበው ግብር የህንድን ዕቃ እየገዛ ወደ እንግሊዝ ይጭን ጀመር። ገበሬው ግብሩን ይከፍላል፤ በዚያው ገንዘብ የሸማኔው ጨርቅ ይገዛል፤ ጨርቁ ባሕር ይሻገራል፤ ለአገሩ የሚመለስ ነገር የለም። የቅኝ አገዛዝ ምስጢሩ ለእኔ እዚህ ላይ ነው ያለው። ከመድፉና ከመርከቡ ይልቅ፣ ተገዢው በገዛ እጁ በሚያቀርበው ላይ ቆሞ ነበር የሚኖረው። በ1770 ቤንጋል ላይ ዝናብ ጠፍቶ ታላቅ ረሃብ ሲገባ እንኳ ኩባንያው ግብር መሰብሰቡን አላቋረጠም። በዚያ ረሃብ ያለቀው ሰው እስከ 10 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል።

በ1793 ደግሞ ሎርድ ኮርንዋሊስ የተባለው አገረ ገዢ በቤንጋልና በአካባቢው አዲስ የመሬት ሥርዓት አወጣ። ዛሚንዳር የሚባሉት ግብር ሰብሳቢዎች የመሬቱ ባለቤቶች ተደረጉ። ለመንግሥት የሚያስገቡት ግብር አንድ ጊዜ ተቆርጦ እንዳይለወጥ ሆነ። ከገበሬው የሚወስዱት ግን ጣሪያ አልተበጀለትም። አባት ከአያት የወረሰውን መሬት ሲያርስ የኖረ ሰው በአንድ ወረቀት ጭሰኛ ሆነ። የኛ አድማጮች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1857 ለኩባንያው ተቀጥረው የሚያገለግሉ ህንዳውያን ወታደሮች ሜሩት ከተማ ላይ ተነሡ። የጥይቱ መያዣ ወረቀት በላምና በአሳማ ስብ ተቀብቷል የሚለው ወሬ ሂንዱውንም ሙስሊሙንም አስቆጣ። ወረቀቱ በጥርስ የሚቀደድ ነበርና። አመፁ ዴልሂን ይዞ ሰሜን ህንድን ካዳረሰ በኋላ በከባድ ጭካኔ ታፈነ። በ1858 ኩባንያው ከሥልጣን ተነሥቶ ህንድ በቀጥታ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ሆነች። የገዢው ስም ተለወጠ እንጂ የገበሬው ዕዳ እንደነበረ ቀጠለ። በ1885 ቦምቤይ ላይ የተሰበሰቡ የተማሩ ሰዎች የህንድ ብሔራዊ ኮንግረስን መሠረቱ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራቸው በዋናነት አቤቱታ መጻፍ ነበር። ዳዳባይ ናዎሮጂ የተባለው ምሁር ከህንድ በየዓመቱ ወደ እንግሊዝ የሚፈሰውን ሀብት በቁጥር እያሰላ ለሕዝብ ይፋ ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከተማ ውስጥ የሚነበበው ጽሑፍ ገጠር ካለው ገበሬ ጋር ገና አልተገናኘም ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

የተገናኙት ቻምፓራን ላይ ነው። ቻምፓራን በቢሃር ክፍለ ሀገር፣ ወደ ኔፓል ወሰን የሚጠጋ ወረዳ ነው። እዚያ እንግሊዛውያን ባለ እርሻዎች ሰፍረው ነበር። ኢንዲጎ የሚባል፣ ሰማያዊ የጨርቅ ማቅለሚያ የሚወጣበት ተክል ያስተክሉ ነበር። ደንባቸው ይህ ነው፤ ጭሰኛው ከሚያርሰው መሬት ከሃያው እጅ በሦስቱ ላይ ኢንዲጎ የመዝራት ግዴታ አለበት። የትኛው ማሳ እንደሚዘራ የሚመርጠው ባለ እርሻው ነው፤ የሚመርጠውም ለሙን ነው። ዋጋውንም የሚቆርጠው እሱ ነው። ገበሬው ሩዙን የሚዘራበት፣ ልጆቹን የሚያበላበት መሬት ለሰማያዊ ቀለም ይሄዳል።

የኮቸሬ ገበሬ ቡናውን ከእንሰቱ ጋር ነው የሚያበቅለው። ቡናው ለገበያ፣ እንሰቱ ለጓዳ፤ የቡና ዋጋ ቢወድቅ እንኳ ቆጮ አለ። የቻምፓራን ገበሬ ግን ኢንዲጎውን መብላት አይችል፤ ትቶት ሌላ ልዝራ ቢል ይደበደባል ወይም ከመሬቱ ይነቀላል።

ይባስ ብሎ፣ በ1897 ጀርመኖች በፋብሪካ የሚሠራ ሰማያዊ ቀለም ለገበያ አቀረቡ። የኢንዲጎ ዋጋ ወደቀ። አሁን ገበሬው ተገላገለ ትላላችሁ። ባለ እርሻዎቹ ግን ኪሳራቸውን ወደ ገበሬው አዞሩት። «ከኢንዲጎ ግዴታ ነጻ ላውጣህ፤ በምትኩ የመሬት ኪራይህን ከፍ አድርገህ ክፈለኝ» አሉት። ገንዘብ ያለው በአንድ ጊዜ ካሣ ከፈለ፤ የሌለው ዕዳ ተጻፈበት። ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣና የጀርመን ቀለም መምጣቱን ሲያቆም ኢንዲጎ እንደገና ተወደደ። ባለ እርሻዎቹም ግዴታውን እንደገና ያጠብቁ ጀመር። በዓለም ገበያ ላይ ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም የሚጎዳው ያው አንዱ ሰው ነበር።

ራጅ ኩማር ሹክላ የተባለ የቻምፓራን ገበሬ በ1916 መጨረሻ ኮንግረሱ በሚሰበሰብበት በላክናው ከተማ ተገኘ። ከደቡብ አፍሪካ ከተመለሰ ሁለት ዓመት ያልሞላውን ጠበቃ፣ ሞሃንዳስ ጋንዲን፣ «ና፣ መጥተህ በዓይንህ እይልን» አለው። ጋንዲ ቻምፓራን የት እንዳለ እንኳ አያውቅም ነበር። ሹክላ ግን አልተወውም፤ በሄደበት ሁሉ ተከተለው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ በመጨረሻ ጋንዲ ቀን ቆረጠለት፤ በሚያዝያ 1917 አብረው በባቡር ሄዱ።

ባለሥልጣኖቹ ጋንዲን ወረዳውን ለቅቀህ ውጣ የሚል ትእዛዝ ሰጡት። አልወጣም አለ። ሞቲሃሪ በምትባለው ከተማ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ብዙ ሺህ ገበሬ ከየመንደሩ እየተመመ ግቢውን ሞላው። ጋንዲ ዳኛው ፊት ቆሞ ትእዛዙን እያወቀ መጣሱን አመነ፤ ለመቀጣትም ዝግጁ መሆኑን ተናገረ። ዳኛው ግራ ገባው፤ ፍርዱን አሳደረ። ከጥቂት ቀን በኋላ መንግሥት ክሱን አነሣ። ያ ሁሉ ገበሬ፣ የባለ እርሻውን ዘበኛ ሲያይ መንገድ ይለቅ የነበረ ሰው፣ የመንግሥት ትእዛዝ እንዲሁ ሊመለስ እንደሚችል በዓይኑ አየ።

ቀጥሎ የተሠራው ሥራ ጩኸት የለበትም፤ እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ እሱ ነው። ጋንዲና ጓደኞቹ ወረቀትና ቀለም ይዘው ተቀመጡ። ከነሱ መካከል ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ የነጻይቱ ህንድ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ራጄንድራ ፕራሳድ ነበረ። ገበሬው እየመጣ ያለበትን ይናገራል፤ እነሱ ይጠይቃሉ፤ የተጋነነውን ያጣራሉ፤ ይጽፋሉ። ፖሊስ አጠገባቸው ተቀምጦ እንዲያዳምጥ ፈቀዱ። የብዙ ሺህ ሰው ቃል እንዲህ ተሰበሰበ። መንግሥት በመጨረሻ ጋንዲ ራሱ አባል የሆነበት አጣሪ ኮሚቴ አቆመ፤ ባለ እርሻዎቹ ያለ አግባብ ከወሰዱት ገንዘብ ሩቡን እንዲመልሱ ተወሰነ። በ1918 የወጣው ሕግ የኢንዲጎውን ግዴታ ጨርሶ ሻረው። ለምን ሩብ ብቻ ተመለሰ ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ እኔም ብዙ ይገባቸው ነበር ባይ ነኝ። ነገር ግን ባለ እርሻው ለጭሰኛው ገንዘብ መመለሱ ራሱ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

በሚያዝያ 1919 የደረሰውን በአጭሩ ልለፈው፤ ማንሣቱ ግን ግድ ነው። አምሪትሳር በምትባል ከተማ፣ ጃሊያንዋላ ባግ በሚባል በግንብ የታጠረ ሜዳ ላይ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ጄኔራል ዳየር ወታደሮቹን ይዞ በዋናው መግቢያ በኩል ቆመና ያለ ማስጠንቀቂያ አስተኮሰ። አሥር ደቂቃ ያህል፣ 1,650 ጥይት። የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ያመነው 379 ሰው መሞቱን ነው፤ ህንዳውያን የቆጠሩት ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። በእንግሊዝ ፍትሕ ተስፋ የነበራቸው ብዙ የተማሩ ህንዳውያን ከዚያ ቀን ወዲህ ተስፋቸውን ቆረጡ። በቀጣዩ ዓመት ኮንግረሱ አለመተባበርን አወጀ፤ ተማሪው ከመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ጠበቃው ከፍርድ ቤት ወጣ፤ የእንግሊዝ ጨርቅ አደባባይ ላይ ተቃጠለ። በ1922 ቻውሪ ቻውራ ላይ የተቆጣ ሕዝብ 22 ፖሊሶችን ጣቢያው ውስጥ አቃጥሎ ሲገድል ጋንዲ እንቅስቃሴውን አቆመው። ብዙ ጓደኞቹ በዚህ ውሳኔ አዝነውበታል።

ከዚያ የጨው ጉዳይ መጣ። እንግሊዝ ጨው ማምረትንም መሸጥንም በእጇ አድርጋ ቀረጥ ጥላበት ነበር። ባሕር ዳር የሚኖር ድኻ፣ ፀሐይ አድርቃ የምትተውለትን ጨው ከመሬት ቢያነሣ ወንጀለኛ ነው። አያቶቻችን አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሲገበያዩበት የኖሩ ስለሆኑ የጨውን ክብደት እናውቃለን። ሀብታምም ድኻም፣ ሂንዱም ሙስሊምም ያለሱ አይውልም። ጋንዲ በመጋቢት 1930፣ በ60 ዓመት ዕድሜው፣ 78 ተከታዮቹን ይዞ ከሳባርማቲ ወደ ዳንዲ የባሕር ዳርቻ በእግሩ ተነሣ። መንገዱ 385 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ ካለው ትንሽ ይበልጣል። 24 ቀን ሄዱ። በየመንደሩ ሰው እየተጨመረ ሰልፉ ረዘመ። ሚያዝያ 6 ቀን ጠዋት ጋንዲ ከባሕሩ ዳር ጨው የተቀላቀለበት ጭቃ በእጁ አነሣ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ በመላው ህንድ ሴቱም ወንዱም የባሕር ውኃ እያፈላ ጨው ያወጣ ጀመር። በዓመቱ ውስጥ ከ60,000 በላይ ሰው ታሰረ።

በግንቦት ወር ዳራሳና በተባለ የጨው ማምረቻ በር ላይ የሆነውን ላውራላችሁ። ጋንዲ በዚያን ጊዜ ታስሯል። ባለቅኔዋ ሳሮጂኒ ናይዱ ሰዎቹን ሰብስባ ቢመቷችሁ እጃችሁን እንኳ ለመከላከል እንዳታነሡ ብላ አስጠነቀቀቻቸው። ነጭ የለበሱት ሰዎች በረድፍ ወደ አጥሩ ቀረቡ። ፖሊሶች ጫፉ ብረት በሆነ ዱላ ራስ ራሳቸውን መቷቸው። የወደቁት በቃሬዛ ይነሣሉ፤ ሌላው ረድፍ ይቀጥላል። በስፍራው የነበረ አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ያየውን ጽፎ ለዓለም አሰራጨ። እንግሊዝ ህንድን ለማሠልጠን ነው የያዝኳት ስትል የኖረችው ነገር ከዚያ ወዲያ ለማንም የሚዋጥ አልሆነም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ።

በ1928 መስከረም የፋሺስት ጣልያን ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። በደቡብ ግንባር የሲዳሞ ገዢ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ዘመቱ፤ ከሽንፈቱም በኋላ በሲዳሞ ምድር ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 በጣልያኖች እጅ ወድቀው ተገደሉ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል አገሮች ኢትዮጵያን አሳልፈው ሲሰጧት፣ ራሱ በቅኝ አገዛዝ ሥር የነበረው የህንድ ሕዝብ ዝም አላለም። ኮንግረሱ በላክናው ባደረገው ጉባኤ ለኢትዮጵያ ያለውን ድጋፍ በውሳኔ ገለጸ። ፕሬዚዳንቱ ጃዋሃርላል ኔህሩ ባቀረበው ጥሪም በግንቦት 1928 መጀመሪያ የሐበሻ ቀን በህንድ ታሰበ። ሙሶሊኒ ሮም ላይ ግዛቱን ባወጀበት በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው። እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ባንዲራ አልነበራቸውም፤ እስር ቤት ሲገቡና ሲወጡ የኖሩ ናቸው። የኢትዮጵያ ውድቀት የራሳቸው ሐዘን ሆነባቸው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ህንዳውያን በአካል መጡ፤ የመጡት ግን በእንግሊዝ ትእዛዝ ነው። በአውሮፓውያኑ 1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የእንግሊዙ እንደራሴ አንድም የህንድ መሪ ሳያማክር ህንድ ጦርነት ውስጥ ገብታለች ብሎ አወጀ። ኮንግረሱ ተቆጥቶ ከየክፍለ ሀገሩ መስተዳድር ለቀቀ። እንዲያም ሆኖ ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ2.5 ሚሊዮን የማያንስ ህንዳዊ ወታደር ሆኗል። አንዳንዱ ለደመወዝ፣ አንዳንዱ የአባቱ ሥራ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ፋሺዝምን ጠልቶ።

በጥር 1933 መጨረሻ መተማ ከጣልያን እጅ ስትለቀቅ፣ የሚሸሸው የጣልያን ጦር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ፈንጂ እየቀበረ ሄደ። ከሱዳን በኩል የመጣው ጦር እንዲያልፍ አንድ ሰው ፊት ፊት እየሄደ መንገዱን መጥረግ ነበረበት። ይህ ሥራ የ22 ዓመቱ ህንዳዊ የመሐንዲስ መኮንን ምክትል የመቶ አለቃ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ሆነ። በብረት ለበስ ተሽከርካሪ ከጎሕ እስከ ምሽት፣ አራት ቀን ሙሉ ሠራ። ሁለት ጊዜ ተሽከርካሪው ከሥሩ ፈነዳ፤ አብረውት የነበሩ ሰዎች ተጎዱ። ሦስተኛ ጊዜ ደፈጣ ውስጥ ገብቶ ከቅርብ ተተኮሰበት። በፍንዳታው የአንድ ጆሮው ታምቡር ተቀደደ። በሌላ ሰው ልንተካህ ሲሉት፣ የአቀባበሩን ዘዴ ለምጄዋለሁና ከአዲስ ሰው እኔ እሻላለሁ ብሎ እምቢ አለ። 15 የፈንጂ ወረዳዎችን፣ 88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አጸዳ። የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን፣ ቪክቶሪያ ክሮስን ተሸለመ። ስሙን ያዙልኝ፤ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት።

በዚያው የካቲትና መጋቢት ከረን ላይ አራተኛውና አምስተኛው የህንድ ክፍለ ጦሮች ከእንግሊዝ ጓዶቻቸው ጋር ሆነው ገደል በገደል የሆነውን ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ ሰነበቱ። ራጅፑታና ከሚባለው ክፍል ሪቻፓል ራም የተባለ የጦር አለቃ ስድስት መልሶ ማጥቃት መለሰ፤ ከቀናት በኋላ በሌላ ጥቃት እግሩ ተቆርጦ እዚያው ወደቀ። ከረን መጋቢት 18 ተያዘች፤ የአምባ አላጌው የጣልያን ጦር በግንቦት እጁን ሰጠ። አምስቱን ዓመት በጫካና በዋሻ የተዋጉት የራሳችን አርበኞች ባይኖሩ ይህ ሁሉ እንዲህ አይፈጥንም ነበር፤ የአርበኞቹ ዋጋ በምንም አይተካም። የህንዳውያኑን ዋጋ ግን በመማሪያ ክፍሎቻችን ብዙ ጊዜ «የእንግሊዝ ጦር» በሚል ስም ውስጥ እንደብቀዋለን። ይህ ልክ አይመስለኝም። እነዚያ ወታደሮች ለኢትዮጵያ ነጻነት ሞቱ፤ የራሳቸው አገር ግን ገና ነጻ አልነበረችም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ህንድ እንመለስ። ጦርነቱ ሳያልቅ በነሐሴ 1942 ኮንግረሱ እንግሊዝ ህንድን ለቅቃ ትውጣ የሚለውን ውሳኔ አሳለፈ። ጋንዲ፣ ኔህሩና ጓደኞቻቸው በማግሥቱ ጠዋት ታሰሩ። በ1943 ደግሞ ቤንጋል ውስጥ ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰው በረሃብ አለቀ፤ ጀልባና እህል በጦርነቱ ምክንያት ከገበሬው ተወስዶ፣ ዋጋ ጣሪያ ነክቶ። ከ1770ው ረሃብ 173 ዓመት በኋላ በዚያው አገር፣ በእንግሊዞች ገዢነት መሆኑ ነው።

እንግሊዝን ይዟት የኖረው የህንዳዊው እጅ ከዚያ ወዲህ በየቦታው ይለቅ ጀመር። በየካቲት 1946 ቦምቤይ ወደብ ላይ የባሕር ኃይል መርከበኞች በመጥፎ ምግብና በዘረኛ ስድብ ምክንያት አድማ መቱ። በጥቂት ቀን ውስጥ 78 መርከቦችና ወደ 20,000 መርከበኞች ተቀላቀሉ። ገበሬው ግብር እምቢ ሲል ዱላ አለ፤ ተማሪው ሲሰለፍ እስር ቤት አለ። ወታደሩ እምቢ ካለ ግን እንግሊዝ በማን ልትገዛ ነው? በቀጣዩ ዓመት የለንደኑ መንግሥት ህንድን እንደሚለቅ አስታወቀ።

ነጻነቱ ነሐሴ 15 ቀን 1947 ገባ፤ በኛ ነሐሴ 9 ቀን 1939። አገሪቱ ግን ህንድና ፓኪስታን ተብላ ለሁለት ተከፈለች። ወሰኑን ያሰመረው ሲሪል ራድክሊፍ የተባለ እንግሊዛዊ የሕግ ሰው ከዚያ በፊት ህንድን ረግጧት አያውቅም፤ የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ነው። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወሰን ተሻገረ፤ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ተገደለ። በባቡር የተሳፈረ መንገደኛ በሙሉ ሞቶ ጣቢያ የደረሰበት ጊዜ ነበር። በ2010 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ የብዙ መቶ ሺህ ሰው መፈናቀል ያየው፣ ጌዴብና ኮቸሬ ላይ በየትምህርት ቤቱ የሰፈረውን ሕዝብ ያስጠለለው አድማጫችን ይህን እንዲረዳ ብዙ ማስረዳት አያሻኝም። ጋንዲ በነጻነቱ ዕለት በዓል አላከበረም፤ ካልካታ ውስጥ ሂንዱውና ሙስሊሙ እንዳይገዳደል ሲያስታርቅ ዋለ። በጥር 1948 አንድ የሂንዱ አክራሪ ተኩሶ ገደለው።

ሕገ መንግሥቱ በጥር 26 ቀን 1950 ጸና፤ ረቂቁን ያዘጋጀው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ቢ. አር. አምቤድካር ነበር፤ ከአይነኬ ተብለው ከተገለሉት ወገን የተወለደ ታላቅ የሕግ ሰው። ከዚያ ቢሃርና ሌሎች ክፍለ ሀገሮች በ1950ዎቹ ዛሚንዳርነትን የሚሽር ሕግ እያወጡ ገበሬውን ወደ መሬቱ መለሱት። አተገባበሩ ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ባለ መሬቶቹ በዘመድ ስም እያደረጉ ብዙ ሰውረዋል።

ስለ ጭሰኛነቱ በኋላ እንመለስበታለን ብዬ ነበር፤ ወደ ጌዴኦ እንምጣ። የጌዴኦ ሕዝብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ሲጠቃለል፣ በባሌ ሥርዓቱና በሶንጎ ሸንጎው ሲተዳደር የነበረ ገበሬ ለነፍጠኛና ለባላባት ገባር ሆነ። ማሳ አረሰ፣ አጥር አጠረ፣ እንጨት ለቀመ፣ እህል ተሸከመ። ቡና በገበያ እየተወደደ ሲሄድ ባለ መሬቱ የሚፈልገው ድርሻም አብሮ አደገ፤ ከቻምፓራን ኢንዲጎ ጋር ያለው ተመሳሳይነት እዚህ ላይ ነው። ጣልያን የገባርን ሥርዓት አንስቻለሁ ብሎ የሕዝብ ልብ ሊገዛ ሞክሮ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን ቅኝ ገዢ ነበር። ከ1933 በኋላ ባለ መሬቶቹ ተመለሱ።

በኛ 1952 የጌዴኦ ገበሬዎች ይበቃናል አሉ። ዲላ አካባቢ ሚጪሌ በተባለው ስፍራ ጦርና ገጀራ ይዘው ጠመንጃ ከያዙት ባለ መሬቶችና ተከታዮቻቸው ጋር ተዋጉ። ከገበሬው ወገን ብዙ ሰው አለቀ። አንዳንዶች ይህን ከቅኝ አገዛዝ ጋር አንድ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ በፍጹም አይገናኝም ይላሉ። እኔ የምለው፣ ለገበሬው ማሳ ላይ ቆሞ ላየው የተወሰደበት ቡናና የተወሰደበት ኢንዲጎ አንድ ዓይነት ረሃብ ነው ያስከተሉት። ህንድ ውስጥ ዛሚንዳርነት በሕግ በተሻረበት በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ ነው ሚጪሌ ላይ ደም የፈሰሰው። የጌዴኦ ገበሬ ከባለ መሬቱ የተላቀቀው የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ነው።

በመካከሉ ህንዳውያን እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጥተዋል፤ በዚህ ጊዜ የነጻ አገር ዜጎች ሆነው። የሐረር ጦር አካዳሚን በ1950 አካባቢ ያቋቋሙትና ያስተማሩት የህንድ መኮንኖች ናቸው። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የህንድ መምህራን ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሯቸው ሰዎች ዛሬ አያት ሆነው በየሰፈራችሁ አሉ።

ተማሪዎች፣ የሳምንቱ ሥራችሁ ይኸውላችሁ። አንደኛ፣ የቻምፓራን ገበሬ ከኢንዲጎ ነጻ ልሁን ሲል ለምን ተጨማሪ ገንዘብ እንደተጠየቀ በራሳችሁ አገላለጽ ጻፉ። ሁለተኛ፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ያሉ አዛውንቶችን ስለ ሚጪሌ ጠይቃችሁ የነገሯችሁን መዝግቡ፤ ቀንና ስፍራ፣ ማን ከማን ጋር እንደነበረ ሳይቀር። የሰማችሁትን ይዛችሁ ለታሪክ መምህራችሁ አቅርቡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጋና እንሄዳለን። ያን ጊዜ ጎልድ ኮስት ትባል ከነበረችው ከዚያች አገር የመጡ ወታደሮች በ1933 ከኬንያ በኩል ገብተው ጉጂ ምድር ዋደራ ላይ ከጣልያን ጋር ተዋግተዋል። አገራቸው ነጻ የወጣችው ከዚያ 16 ዓመት በኋላ ነው።

(የመለያ ሙዚቃ)